ደንበኛን አክብሮ ማቆየት፤ የሰበካ ጉባኤያትና የካህናት ድርሻ

(በለገዳዲ ለአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት የሰበካ ጉባኤ አባላትና ካህናት የቀረበ ንግግር)



እንድንነጋገርበት የተሰጠን ርእስ አነስተኛ ንግድ ያላቸው ሰዎች ያገኟቸውን ደንበኞች እንዴት እንደሚያቆዩ የሚመለከት ነው። ላይ ላዩን ሲታይ የነጋዴዎች ጉዳይ ይመስላል። ይሁን እንጂ ጧፍና ዕጣን፣ መጻሕፍትና ነጠላ የሚሸጥበት ሱቅ የሌለው አጥቢያ ዛሬ ጥቂት ነው፤ በአጥሩ ዙሪያ ክፍሎች ሠርቶ የሚያከራየውም ብዙ ነው። ከዚህም ሌላ መበለቶችና ሥራ ያጡ ወጣቶች እንጀራ በመጋገር፣ በርበሬና ሽሮ በማዘጋጀት፣ ወተት በማከፋፈል ራሳቸውን እንዲችሉ መነሻ ገንዘብ ስናፈላልግ፣ ተጠቃሚዎቹን የምንመርጠው ከእናንተ ጋር ሆነን ነው። ቃለ ዓዋዲው በ1965 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ የአጥቢያውን ሀብትና ገቢ የማስተዳደር አደራ በሰበካ ጉባኤ ላይ ስለወደቀ፣ ወደድንም ጠላንም የገበያው ነገር ደጃችን ድረስ መጥቷል።

በየቦታው የምናየው ድካም በመነሻው ላይ የሚታይ አይደለም። ሥራው ሲከፈት ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ይነገራል፤ ምእመናንም ለበረከትም ለእርዳታም ብለው ይመጣሉ፤ በመጀመሪያው ሳምንት እንጀራው ገና በረፋዱ ያልቃል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ወር ግን መሶቡ ሲከፈት የትናንቱ እንጀራ እንዳለ ተቀምጦ ይገኛል። በዚህ ጊዜ ኮሚቴው ተሰብስቦ የሚያገኘው መፍትሔ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «እንደገና ይነገርልን» የሚል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውን የሚያመጣው የአባቶች ቃል ሊሆን ይችላል። ለሁለተኛ ጊዜ የሚያመጣው ግን እንጀራው ራሱ ነው። ምእመኑ ለቤተ ክርስቲያኑ ባለው ፍቅር አንድ ጊዜ የሳሳ እንጀራ ቢያጋጥመው ያሳልፈዋል፤ ሁለተኛም ያሳልፈው ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን ለልጆቹ የሚያቀርበውን ከሌላ ይገዛል፤ ቤተ ክርስቲያን መምጣቱን ግን አይተውም። ስለዚህ ቅጥሩ በሰው ተሞልቶ እያየን ሱቁ ለምን ባዶ እንደሆነ ይቸግረናል።

«ደንበኛ» የሚለውን ቃል ጥቂት ብናስተውለው መልካም ነው። ደንበኛ ማለት ከአንድ ቦታ ዘወትር የሚገዛ ሰው ነው፤ «ደንበኛ ሥራ» ስንል ደግሞ በወጉ የተሠራ፣ እንከን የሌለበት ሥራ ማለታችን ነው። በገበያችን ገዢው ሻጩን «ደንበኛዬ» ብሎ ይጠራዋል፤ ሻጩም ገዢውን በዚያው ስም ይጠራዋል። ሁለቱም አንዱ ለሌላው ደንብ የገቡ ያህል ነው፤ አንዱ ሌላ ቦታ ላይሄድ፣ ሌላው መጥፎውን ላይሰጠው። ከሁለቱ አንዱ ደንቡን ባፈረሰ ጊዜ ስሙ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ገዢና ሻጭ ብቻ ይሆናሉ።

የአንድ ደንበኛ መቅረት ምን ያህል እንደሚያጎድል በቀላል ስሌት ይታያል። አንድ ቤተሰብ በሳምንት 30 እንጀራ ከአንዲት እናት ይወስዳል እንበል፤ የአንዱ ዋጋ 20 ብር ቢሆን በሳምንት 600 ብር፣ በዓመቱ 52 ሳምንታት ደግሞ 31,200 ብር ይሆናል። ከእያንዳንዱ እንጀራ 3 ብር ብታተርፍ ከዚህ ቤተሰብ ብቻ በዓመት 4,680 ብር ታገኛለች። እንግዲህ ይህ ቤተሰብ አንድ ቀን አንድ የተቀዳደደ እንጀራ ይዞ ቢመጣና «አይ፣ ከእኔ ዘንድ ሲወጣ ደህና ነበር» ብላ ብትመልሰው፣ ያዳነችው 20 ብር ነው፤ ያጣችው ግን ከላይ የቆጠርነውን ሁሉ ሊሆን ይችላል። በውጭው ዓለም በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ተጽፏል። ሬይክኸልድና ሳሰር የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1990 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ የንግድ መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ ትተው የሚሄዱትን ደንበኞች በ5 በመቶ የቀነሱ ድርጅቶች ትርፋቸው ከ25 እስከ 85 በመቶ ከፍ እንዳለ አሳይተዋል። እነርሱ ያጠኑት ባንኮችንና የአገልግሎት ድርጅቶችን በመሆኑ ቁጥሩን እንዳለ ወደ እንጀራ መጋገሪያ ማምጣት አይገባም። ነገሩ ግን አያቶቻችን ያለ ጥናት የሚያውቁት ነው።

እዚሁ አጠገባችን ያለው የለገዳዲ ግድብ ከ50 ዓመታት በላይ አዲስ አበባን ሲያጠጣ የኖረው የክረምቱን ውኃ ይዞ ለበጋው ስለሚያቆይ ነው። ግድቡ ቢያፈስ ኖሮ ዝናቡ ቢጨምርም ባልጠቀመ ነበር። ማስታወቂያ ላይ ብቻ የሚደክም ኮሚቴም እንዲሁ ዝናቡን ሲጠባበቅ የሚፈሰውን አያይም።

አሁን ወደ አካባቢያችን ሁኔታ እንመለስ። ለገዳዲ በደሴ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሰበታ በጅማ መንገድ ላይ ሆነው አዲስ አበባን የከበቡ፣ ዛሬም በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ ከተሞች ናቸው። በእነዚህ ከተሞች ከነባሩ ነዋሪ ጋር፣ ቀን አዲስ አበባ ውሎ ማታ ለማደር የሚመለስ እጅግ ብዙ ሰው ይኖራል። ይህ ሰው ከታክሲ የሚወርደው ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ነው። እንጀራ ሻጯ በ11 ሰዓት ዘግታ ከገባች፣ ያ ሰው የሚገዛው መንገድ ዳር መብራት አብርታ ከምትጠብቀው ነው፤ አንድ ሳምንት ከእርሷ ከገዛ በኋላ ደግሞ የእርሷ ደንበኛ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን እንሽጥ?» ሳይሆን «የሚገዛን ሰው በስንት ሰዓት ያልፋል?» የሚለው ነው። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ ሦስት ምሽት ፌርማታው አጠገብ መቆም ይበቃል።

ሰዓቱን ካወቅን ቀጥሎ የሚመጣው መስፈሪያው ነው። ስለ ሐሰተኛ ሚዛን በኦሪቱም በምሳሌውም የተጻፈውን ለእናንተ ማስተማር አይገባንም። አንድ ነገር ብቻ እንጨምር፤ በእኛ ገበያ ሰው የሚሄደው ዋጋ ስለ ተጨመረበት ሳይሆን መጠኑ ሳይነገረው ስለ ተቀነሰበት ነው። ጤፍ ሲወደድ እንጀራው በመጠኑም በውፍረቱም ያንሳል፤ ዋጋው ግን ያው ነው። ሻጯ ደንበኛዋን ያዳነች ይመስላታል። ገዢዋ እናት ግን እንጀራውን ስታነሣ በእጇ ታውቀዋለች፤ ልጆቿን ስታበላም ሦስት ይበቃ የነበረው አራት እንደሆነ ትቆጥራለች። «ጤፍ ስለ ተወደደ ከሰኞ ጀምሮ 2 ብር ጨምሬአለሁ፤ መጠኑ ግን ያው ነው» ብትላት ቅር ብሏትም ቢሆን ትገዛ ነበር። ሌላ እህል የተቀየጠ ከሆነም «ይህኛው ቅይጥ ነው፣ ይህኛው የጤፍ ብቻ ነው» ብሎ ለይቶ መሸጥ ነውር የለበትም፤ ቅይጡን ፈልጎ የሚገዛ ብዙ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲስ አበባ ጄሶ የተቀላቀለበት እንጀራ ተያዘ የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ከሱቅ መግዛቱን ትቶ የሚያውቃትን ጋጋሪ መፈለጉን ታስታውሳላችሁ። በዚያ ሰሞን ታማኝነት እንደ ሸቀጥ ተፈላጊ ሆኖ ነበር፤ ቀድመው ያከማቹትም አተረፉበት።

የዋጋን ነገር ካነሣን፣ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን በገበያ እንዲወሰን ያደረገበትን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ማስታወስ ይጠቅማል። ከዚያ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ሲንቀሳቀስ ትናንሽ ሱቆች በሁለት ተከፍለው ታዩ። አንዳንዶቹ ከወር በፊት በአሮጌው ዋጋ ያስገቡትን ዕቃ በማግሥቱ በአዲስ ዋጋ ሸጡ፤ ሌሎቹ ያለውን ጨርሰው አዲስ ሲያመጡ ጨመሩ። የፊተኞቹ በአንድ ሳምንት ያተረፉት ገንዘብ ነበር፤ የኋለኞቹ ያተረፉት ደንበኛ ነው። በርግጥ የኋለኞቹ ዕቃ ሲያልቅ ለመተኪያ የሚሆን ገንዘብ ሊያጥራቸው እንደሚችል እናውቃለን፤ ይህ ቀላል ፈተና አይደለም። ለዚህም ነው ነጋዴ ከትርፉ ጥቂቱን ለመተኪያ ማስቀመጥ አለበት የምንለው፤ ዕቁብም ለዚህ ይረዳል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ያዛል። በንዋያተ ቅድሳት ሱቆቻችን ዋጋ ተጽፎ የሚታየው በስንቱ ነው? ገዢው «ስንት ነው?» ብሎ ጠይቆ፣ ሻጩ ፊቱን አይቶ ዋጋ የሚነግረው ከሆነ፣ ያ ገዢ በሚቀጥለው ጊዜ ሊገዛ የሚመጣው ተጠራጥሮ ነው።

እኛ ከሌላው ነጋዴ ይልቅ በእጃችን ያለ ትልቅ ሀብት የዘመን አቆጣጠራችን ነው። ደንበኛችን መቼ ምን እንደሚፈልግ ከዓመት በፊት ተጽፎልናል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ጾመ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ቀን እስከ 15 ነው፤ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። በየወሩ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም አለ፤ ማኅበሩና ሰንበቴው በዚያው ይከተላል። ዳቦ የምትጋግር እናት የየትኛው ሰንበቴ ተራ መቼና በማን ቤት እንደሚወድቅ ብትመዘግብ፣ ከሦስት ቀን በፊት «ዳቦው ስንት ይሁን?» ብላ መጠየቅ ትችላለች። ባለተራው ቤት ያሉት በዚያ ሰሞን ጠላውንም ወጡንም ሲያስቡ ተጨንቀዋል፤ ቀድሞ የጠየቃቸውን አይረሱም። ይህ ማስታወቂያ ሳይሆን ማስታወስ ነው። ሰንበቴው ራሱ በየወሩ ሳይቋረጥ ለዘመናት የኖረው ተራው ተጽፎ፣ ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ፣ የቀረው ሰው «ምን ነካው?» ተብሎ እየተጠየቀ ነው። ሰውን አክብሮ የማቆየትን ሥርዓት ከሩቅ መቅዳት አያሻንም።

በወተት የሚተዳደሩት የሱሉልታ ወገኖቻችን የጾሙ ነገር ከሁሉ ይልቅ ይነካቸዋል። ላም ጾም ስለ ገባ መታለቧን አትተውም። በዐቢይ ጾም ገዢው ሲቀንስ ወተቱ ወደ ቅቤ ይሄዳል፤ ቅቤው ለፋሲካ ይጠበቃል፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። የማይታሰበው ግን ደንበኛው ነው። ለሁለት ወር ያህል ከወተት ሻጩ ጋር ያልተገናኘ ቤተሰብ ለፋሲካ ከማን እንደሚገዛ እርግጠኛ አይደለም። ከሆሳዕና በፊት ደውሎ «ለበዓሉ ስንት ሊትር፣ ስንት ኪሎ ቅቤ ልያዝልዎ?» የሚል ሻጭ ገበያውን ጨርሶታል። ከፋሲካ በኋላ ባለው በበዓለ ኀምሳ ደግሞ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ወተቱ 50 ቀን ያለ ማቋረጥ ይፈለጋል፤ ለዚያ ጊዜ ያልተዘጋጀ ሻጭ ደንበኛውን ባጣው ሰዓት ለሌላ ይሰጠዋል። ሌላም መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። ገዢው ሁሉ የእኛ ምእመን አይደለም፤ በጾማችን ጊዜ ወተት የሚገዙ ሙስሊሞችና የሌላ እምነት ተከታዮች ጎረቤቶች አሉ፤ በገዛ ቤታችንም ለጾም ያልደረሱ ሕፃናት አሉ። በቤተ ክርስቲያን ድጋፍ የተቋቋመ ንግድ እነዚህን ጎረቤቶች እንደ እንግዳ ሲቀበል አይተን አዝነናል። ሻጭ ለገዢው ሃይማኖቱን አይጠይቅም፤ ሰላምታውንም አይለይም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር ወደ ዱቤ እንምጣ። «ዱቤ ዛሬ የለም፤ ነገ» የሚለውን ጽሑፍ በየሱቁ ግድግዳ አይታችሁታል፤ ከጽሑፉ ሥር ግን የዱቤው ደብተር ተቀምጧል። ዱቤ ደንበኛን ያቆያል፤ ደንበኛን የሚያሳጣም እርሱ ነው። ብድሩ በበዛ ጊዜ ተበዳሪው መንገድ ቀይሮ ይሄዳል፤ ሻጯ ገንዘቧንም ሰውዬውንም በአንድ ቀን ታጣለች። ስለዚህ ዱቤን ጨርሶ ከመከልከል ይልቅ ልክ ማበጀት ይሻላል እንላለን። ልኩ ከደንበኛው የደመወዝ ቀን አይለፍ፤ መጠኑም ሻጯ ብታጣው ሥራዋን የማያቆም ይሁን። ደብተሩ ሁለት ይሁን፤ አንዱ በገዢው እጅ ይቆይ፤ በየቀኑ በሁለቱም ላይ ይጻፍ። እንዲህ ሲሆን በወሩ መጨረሻ «ይህን መቼ ወሰድኩ?» የሚል ክርክር አይነሣም። መጠየቅ ሲያስፈልግም በሰው ፊት አይጠየቅም። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ስለ መጣልን፣ ዛሬ ደንበኛው ከቤቱ ሆኖ ሊከፍል ይችላል፤ እፍረቱም ይቀርለታል።

አባቶቻችን ይቅር በሉን፤ በዚህ ቦታ ሊሸፈን የማይገባ ነገር አለ። ከእናንተ ጋር ሆነን ባቋቋምነው ሥራ ላይ ካህኑ ወይም የኮሚቴው አባል በዱቤ ወስዶ ሲቆይ፣ ያቺ ሴት «ክፈለኝ» ለማለት አፏ አይከፈትም። የንስሐ አባቷ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ወይም መነሻ ገንዘቡን የፈረመላት ሰው ሊሆን ይችላል። 500 ብር ለእኛ ትንሽ ነው፤ ለእርሷ ግን የነገ ጤፍ ነው። ብዙ ሥራ የወደቀው በውጭ ሰው ዱቤ ሳይሆን እንዲህ ባለው ነው። ስለዚህ እንደ ደንብ እንዲያዝልን የምንለምነው፣ ኮሚቴውና ካህናቱ በዱቤ እንዳይወስዱ ነው። በምንም ምክንያት ቢሆን። የአጥቢያው መሪዎች እጅ በእጅ እንደሚከፍሉ የታወቀ እንደሆነ ሌላው ገዢም ይከተላል፤ እርሷም ዱቤ የሚጠይቃትን ሰው «አባታችንም በጥሬ ነው የሚወስዱት» ለማለት ምክንያት ታገኛለች።

ይሉኝታ ሌላው ችግራችን ነው። በእኛ ባህል ቅር የተሰኘ ደንበኛ አይናገርም፤ ዝም ብሎ ይቀራል። ሱቁ የቤተ ክርስቲያን ከሆነ ደግሞ ዝምታው ይብሳል፤ «የቤተ ክርስቲያን ነው፣ ምን እላለሁ?» ብሎ ይተወዋል። «ደህና ነበር?» ብላችሁ ብትጠይቁት «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላችኋል፤ ከዚያ ምንም አትማሩም። ጥያቄው ጠባብ መሆን አለበት። «የሐሙሱ እንጀራ አልጎመዘዘም?» «ጧፉ ቶሎ አልጠፋብዎትም?» «ነጠላው ሲታጠብ ጥለቱ አልለቀቀም?» ሲባል ይሉኝታው ይሰበራል፤ ምክንያቱም ጠያቂው ራሱ ችግር ሊኖር እንደሚችል አስቀድሞ አምኗል። ጉድለት ከተገኘም ያለ ክርክር መለወጥ ነው። ጉድለቱ ተለውጦለት ምስጋና ይዞ የሄደ ሰው ምንም ካልደረሰበት ሰው ይልቅ ሊጠነክር እንደሚችል በገበያ ላይ የቆዩ ሰዎች ይነግሩናል። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ መገኘትም ራሱን የቻለ አክብሮት ነው። በፒያሳ ያለው ቶሞካ ቡና ቤት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1940ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቡናውን እየቆላ ሲሸጥ ኖሯል፤ ሰው ወንበር ሳይፈልግ ቆሞ ጠጥቶ ይሄዳል፤ ምቾት ፍለጋ አይደለም የሚመጣው፤ ትናንት የጠጣውን ዛሬም እንደሚያገኝ ስለሚያውቅ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ደንበኛው የሚሄደው በሻጩ ጥፋት አይደለም። በየካቲት 2011 ዓ.ም. በለገጣፎ ለገዳዲ ቤቶች በፈረሱ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ከሰፈሩ ተነሥቷል። የዚያን ጊዜ ኀዘን ዛሬ የምንመዝነው አይደለም፤ ከርእሳችን ጋር በተያያዘ ግን አንድ ነገር እናንሣ። ትንሽ ሱቅ ያለው ሰው ሰፈሩ ሲነሣ ደንበኞቹን በአንድ ሳምንት ያጣል፤ የዱቤ ደብተሩም ባለዕዳው የማይገኝበት ወረቀት ይሆናል። ከእነዚያ ደንበኞች ብዙዎቹ ሩቅ አልሄዱም፤ ሌላ ቀበሌ ተከራይተው ገብተዋል። ስልካቸው ያለው ሻጭ በርበሬውንና ሽሮውን በሳምንት አንድ ቀን ሊያደርስላቸው ይችላል፤ በተለይ በርበሬን ሰው ከለመደው እጅ መለየት አይወድም። ስልካቸው የሌለው ግን ከአዲስ ይጀምራል። ከተሞቻችን ገና እየተለዋወጡ ነውና የደንበኛ ስልክ መመዝገብ የትም ቦታ የማይፈርስ ሱቅ መሥራት ነው። ስልኩ ግን በየማለዳው መልእክት የሚላክበት አይሁን፤ ሰው በየሰዓቱ የሚደውልለትን ሻጭ እንደ ባለዕዳ ይሸሸዋል።

የራሳችንን ሱቅ ሳናነሣ ብንቀር ግን ሥራችን አይሞላም። የንዋያተ ቅድሳት ሱቅ ብዙ ቦታ የሚከፈተው ሻጩ ሲመቸው ነው። ቅዳሴ ሲያልቅ፣ ሰው ሁሉ በቅጥሩ ውስጥ ባለበት ሰዓት፣ ሱቁ ተዘግቶ ሻጩ ስብሰባ ላይ ይሆናል። ምእመኑ ጧፉን ከአጥሩ ውጭ ካሉት ይገዛል፤ እኛም «ሰው የቤተ ክርስቲያኑን ሱቅ አይደግፍም» እያልን እናማርራለን። ሻጩ ደግሞ በየሦስት ወሩ ይለወጣል፤ «ተራው ለሁሉም ይድረስ» በሚል ቅን ሐሳብ ነው። ይሁን እንጂ ደንበኛን የሚያውቀው ሱቁ አይደለም፤ ሰው ነው። እትዬ እከሊት የሚወስዱትን ዕጣን ዓይነት፣ የልጃቸው ክርስትና መቼ እንደሆነ የሚያውቀው ሻጭ ሲነሣ እውቀቱም ይነሣል። ታማኝ ሆኖ የተገኘን ሻጭ በቦታው ማቆየት፣ ሒሳቡን ግን በየወሩ መመርመር ይሻላል፤ ሰውን መለዋወጥ የቁጥጥርን ሥራ አይተካም።

ተከራይም ደንበኛ ነው፤ ይህን ስንናገር ፊት የሚያጨፈግጉ የኮሚቴ አባላት እንዳሉ እናውቃለን። አጥቢያው አንድ ክፍል በወር 8,000 ብር ያከራያል እንበል። ኪራዩን በአንድ ጊዜ 10,000 ብር አድርጎ ተከራዩ ቢወጣና ክፍሉ አራት ወር ባዶ ቢቆይ፣ 32,000 ብር ጠፍቷል። በወር የተጨመረው 2,000 ብር ይህን ለመሙላት 16 ወር ይፈጃል። ለዚያውም አዲሱ ተከራይ በወቅቱ የሚከፍል፣ ሰካራም የማይሰበስብ፣ ቤቱን የማይጎዳ ሰው ከሆነ ነው። ሰባት ዓመት በሰዓቱ የከፈለ ልብስ ሰፊ ቤተ ክርስቲያኑ ሊረዳው ሳይሆን አጥቢያው ሊያጣው የማይገባ ሰው ነው። ዋጋ አይጨመር አንልም፤ የቤተ ክርስቲያኑም ወጪ ጨምሯል። ጭማሪው ግን ከስድስት ወር በፊት ይነገረው፤ የሚነገረውም በደብዳቤ በሩ ሥር ተወርውሮ ሳይሆን አስቀምጦ ይሁን፤ የሚፈሰው ጣሪያ ካለም ጭማሪው ከመምጣቱ በፊት ይጠገን።

ከምሳ በኋላ በየአጥቢያችሁ ተከፋፍላችሁ የምትሠሩት ሥራ ይህ ነው። የያዛችሁትን የሽያጭ መዝገብ ክፈቱ፤ ባለፈው ዓመት በመስከረም ይገዙ ከነበሩት ውስጥ ዛሬም የሚገዙትን በስም ለዩ። የቀሩትን በሌላ ወረቀት ጻፏቸው፤ ከስማቸው አጠገብ የቀሩበትን ምክንያት ሳትገምቱ ባዶ ተዉት። እስከሚቀጥለው ወር ድረስ ከእያንዳንዱ አጥቢያ ሁለት ሰው አሥሩን ቤት ዞሮ ይጠይቅ፤ የሱቁ ሻጭ ግን ከሁለቱ አንዱ አይሁን፤ በፊቱ ማንም እውነቱን አይናገርምና። መዝገብ የሌላችሁ አጥቢያዎች ደብተሮቹን በር ላይ ካለችው እኅታችን ተቀበሉ፤ የመጀመሪያውን ገጽ ዛሬ ማታ ከገዢዎቻችሁ ጋር ሙሉት።